የርቢ ጥንቸል

ሆሴዕ ጥንቸሎቹን ለሰው አድሎ ሊሄድ መሆኑን የሰማሁት ከራሱ አፍ አይደለም። አከራያችን እትዬ ሙሉወርቅ ናቸው የነገሩኝ። «ዱራሜ ተዛወረ እኮ፤ ጎመኔም ሊያርፍ ነው» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

ያን ዕለት መርፌ ሰበርኩ።

እኔ እዚህ ሆሳዕና ልብስ ሰፊ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ አሮጌ ልብስ እየፈታሁ፣ መልሼ እየገጠምኩ ነው የተማርኩት። የማንኛውም ነገር ስፌት የት ጋ እንደሚላላ ዓይኔ አይስተውም። ሆሴዕ ላይ ግን ፈዞብኝ ኖሯል። የባዮሎጂ አስተማሪ ነው፤ ከሱቄ ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይቷል። ከትምህርት ሲመለስ ጥንቸሎቹን ጓሮ ይለቃቸዋል። አንዷ፣ ጥቁር ጆሮዋ፣ ሮጣ መጥታ የቁርጥራጭ ጨርቅ ቅርጫቴ ውስጥ ትተኛለች። እሱ ሊወስዳት ይመጣል። ይቆያል። ስለ ምንም ሳናወራ ይመሻል። የእኛ ነገር ይኸው ነበር፤ ስም አልወጣለትም።

ቅዳሜ ጥንቸል ፈላጊዎች መጡ።

«ጣቢታ፣ አንቺ ሰው ታውቂያለሽ፤ እስቲ አብረሽኝ እይ» አለኝ።

አንዱ ለውሻው መጫወቻ እንደሚፈልግ ነገረን። «ኳስ ግዛለት» ብዬ ሸኘሁት። ከዳምቦያ የመጡት ባልና ሚስት ግን ሽቦ የተመታበት ሳጥን ይዘው ነው የመጡት፤ ለእነሱ እኔው መርጬ ሰጠኋቸው።

ከዚያ ሊዲያ መጣች። የመዘምራኑ ሊዲያ፤ ብቻዋን ስትዘምር ወንዱ ሁሉ በጸሎት ሰዓት እንኳ ዓይኑን የሚገልጥላት። የለበሰችውን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ወገቡን ያን ያህል ልክክ ማድረግ ምን አስፈለገኝ?

«ወንድም ሆሴዕ፣ ይቺን ጥቁር ጆሮዋን ልውሰዳት?»

«እሷ አትሰጥም» አላት።

ነጯን ሰጣት። በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ካርቶኑን ተሸክሞ አብሯት ባጃጅ ገባ። «አያያዟን አሳይቻት እመጣለሁ» አለኝ፤ ጥንቸል መያዝ ኮሌጅ የሚያስገባ ይመስል።

ሲመለስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ጥቁር ጆሮዋን ካርቶን ውስጥ ከትቼ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

«ይቺን ያስቀመጥክላት ሴት ትምጣና ትውሰዳት። አያያዙን ቤቷ ሄደህ ታሳያታለህ።»

«ላንቺ ነው ያስቀመጥኳት» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ለርቢ።»

እኛ አገር ርቢ የሚሰጠው ከብት ለሌለው ሰው ነው። ባለቤቱ ላሙን ይሰጣል፤ ተቀባዩ ያረባል፤ የተወለደውን ይካፈላሉ። ደሜ ፈላ።

«ለሊዲያ በስጦታ፣ ለእኔ በርቢ? እኔ ጭሰኛህ ነኝ?»

«ሊዲያ ጋ ያለችው የሊዲያ ሆነች፤ ሄጄ ምን ልላት ነው?» አለ ቀስ ብሎ። «የርቢ እንስሳውን እየመጣ የማያይ ባለቤት ግን ሰው ይታዘበዋል።»

ካርቶኑን አየሁ። እሱም ካርቶኑን አየ። ጥቁር ጆሮዋ ሁለታችንንም አየችን።

«ላም በዓመት ነው የምትወልደው» አልኩ በመጨረሻ። «ይቺ በየወሩ ናት።»

«ባዮሎጂ እኮ ነው የማስተምረው፣ ጣቢታ።»

ርቢ ያለ ምስክር አይሆንምና እትዬ ሙሉወርቅን ጠራቸው። ካርቶኑን አዩ፤ እሱን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር የጥንቸል ርቢ አልሰማሁም» አሉት። «ሽማግሌ መላክ ፈርተህ ነው እንዴ፣ አንተ ልጅ?»

ሆሴዕ አንገቱን ደፋ። አልካደም።

ሰኞ ሄደ። በዚያው ሰሞን የልብስ መለኪያ ሜትሬ ጠፋብኝ፤ ሱቁን ገለባብጬ ፈልጌ አጣሁት።

ጥቁር ጆሮዋ አርግዛ ኖሯል፤ ሳይቆይ ቅርጫቴ ውስጥ ወለደች። ደወልኩለት፤ በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና መጣ። አጎንብሶ ግልገሎቹን አያቸው፤ ቀና ሲል ግን የሚያየው እኔን ነበር።

«ሊዲያ ጋስ ጎራ አላልክም?»

«ምን ልሠራ?»

«አያያዙን ረስታው እንደሆነ ብዬ ነው። በል ድርሻህን ውሰድ።»

«አሁን ያለሁበት ግቢ አይበቃቸውም። ሌላ ቤት እያየሁ ነው፤ ጓሮ አለው፤ መንገድ ዳር የወጣች ክፍልም አለችው። የስፌት መኪናና የመቁረጫ ጠረጴዛ ትይዛለች። ለክቻታለሁ።»

«በምን ለካሃት?»

ከኪሱ ሜትሬን አወጣ።

ሱቁን ገለባብጬ የፈለግኩት ሜትር እሱ ኪስ ውስጥ ኖሯል።

«መጀመሪያ ሽማግሌ ይምጣ» አልኩት።

«ይመጣሉ።»

«አከራይህ ማን ናት?»

«አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት።»

«ዕድሜዋ?»

ሳቁን ዋጠ። «እትዬ ሙሉወርቅን ታክላለች።»

«እንግዲያው ጥሩ» አልኩና ሜትሬን ተቀበልኩት።