ሦስት የአንባቢ ደብዳቤዎች

ጡረተኛው መምህር ሞቶ የተገኘው በራሱ መጽሐፍ ካርቶን ሥር ነው። በአሳታሚው ድርጅት መጋዘን፣ በብረት መደርደሪያዎች መሀል በጀርባው ተዘርግቶ፣ ካርቶኑ ደረቱ ላይ ተጭኖበት።

«ከላይ ወድቆበት ነው፤ ቀኑ ደርሶ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

መርማሪዋ ወደ ካርቶኑ ቀረበች። ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» የሚሏት ያለ ነገር አልነበረም። ተንበርክካ ካርቶኑን አገላብጣ አየችው። ክዳኑ ላይ የደም ጠብታ አለ። ብትነካው ጣቷ ያገኘው ማሸጊያ ፕላስተሩን ብቻ ነው፤ ደሙ ከፕላስተሩ በታች ነበር።

ካርቶኑን አስከፈተችው። ከላይ ጥቂት መጻሕፍት፣ ከሥር ሁሉም ባዶ ወረቀት።

«ደራሲዎችን አስከፍላችሁ ነው የምታሳትሙት?»

«እኛ ወጪ መጋራት ነው የምንለው።»

«አንድ ሺህ ቅጂ አትመናል ብላችሁታል። የታል?»

 መርማሪዋ ከሟቹ ኪስ ሦስት ደብዳቤዎች አወጣች። ከሦስት ከተሞች፣ በሦስት ዓይነት ቀለም የተጻፉ፣ መጽሐፉን የሚያወድሱ የአንባቢ ደብዳቤዎች ናቸው።

መጋዘን ጠባቂው ሽማግሌ ቀኝ እጁ ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ ነበር።

«ጠዋት እንዴት ደስ ብሎት መጣ መሰለሽ፣ ልጄ! ‹የአንባቢዎቼን አድራሻ ስጡኝ፣ ሄጄ ላመስግናቸው› አለ። አለቃችንን ሲጠብቅ ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ‹መጋዘኑን ክፈትልኝ› አለኝ። ከፍቼለት ወደ ግቢው በር ተመለስኩ።»

«ግቢ ውስጥ ማን ነበር፣ አባባ?»

«እኔና አርታዒዋ። አለቃችን ማተሚያ ቤት ነኝ ብሏል። የጓሮው በር ግን አይቆለፍም።»

አርታዒዋ ዓይኗ ቀልቷል። ጠረጴዛዋ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የታረመ ረቂቅ ተከምሯል።

«መምህሩን ታውቂው ነበር?»

«እንደ ማንኛውም ደራሲ ነው።»

መርማሪዋ ረቂቁን ገልጣ ጥቂት ቆየችበት፤ ከዚያ ማተሚያ ቤት ደወለች። ሥራ አስኪያጁ ከጠዋት እስከ ቀትር ከማሽኑ አጠገብ እንዳልተለየ ነገሯት።

የሟቹ ሚስት ስትመጣ መርማሪዋ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት። «ባለቤትዎ ምን ነበር የሚያስተምሩት፣ እማማ?»

«ቋንቋ ነዋ። በየቃሉ መሀል ሁለት ነጥብ ያላደረገ ተማሪ ደብተሩ ይመለስበታል። ዘመኑ ተወው ብንለው አሻፈረኝ አለ።»

ከሰዓት በኋላ አራቱም በስብሰባ ክፍሉ በመርማሪዋ ፊት ተቀመጡ።

«ካርቶኑ ወድቆ አልገደለውም» አለች መርማሪዋ። «ደሙ ከፕላስተሩ በታች ነው። ሰውየው ከተመታ በኋላ ነው የታሸገው፤ ባዶው ወረቀት እንዳይታይ። አባባ በአንድ እጃቸው ከባድ ካርቶን አሽገው አያነሱም። ሥራ አስኪያጁ ማተሚያ ቤት ነበሩ፤ ስለ ባዶዎቹ ካርቶኖች ግን ይጠየቃሉ።»

ደብዳቤዎቹን ከቀዩ እርማት አጠገብ አኖረቻቸው።

«ቀለሙ ይለያይ እንጂ በደብዳቤዎቹም በእርማቱም በየቃሉ መሀል ሁለት ነጥብ አለ። ዛሬ እንዲህ የሚጽፍ ማን አለ? መምህሩ ያስተማረው ካልሆነ! እሱም ሥራ አስኪያጁን ሲጠብቅ የለየው ይህንኑ ነው።»

አርታዒዋ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«ለደራሲው ሁሉ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ከፍለው ዳግመኛ እንዲያሳትሙ። ድምፅ ሰምቼ መጋዘን ስገባ ካርቶኑን ከፍቶታል። ‹አንቺ? የኔ ተማሪ?› አለኝ። ‹ለሁሉም እነግራለሁ› ብሎ ክንዴን ሲይዘኝ ገፈተርኩት፤ ጭንቅላቱ ብረቱን መታ።»

«ወዲያውኑ ሞተ?»

«ይተነፍስ ነበር።» እጆቿን ከፊቷ አወረደች። «እሱ እየተነፈሰ እኔ ካርቶን አሽግ ነበር።»

 ሚስትየው አላለቀሰችም። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብሰብ አደረገች።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። መጽሐፉን አንድ ሰው እንኳ አንብቦታል?»

«እኔ አንብቤዋለሁ፣ እማማ። ሁለት ጊዜ። ደብዳቤዎቹ ላይ ያልኩት ሁሉ ከልቤ ነበር።»

«ታዲያ ምናለ» አለች አሮጊቷ፣ «በራስሽ ስም ብትጽፊለት?»