ስንት ዓመት ይቆያሉ?

«አስር በይና ላኪው» አለ አባቷ፣ የልብ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እየጣለ።

ልጅቷ ጣቷን ከኪቦርዱ አነሳች። ጤና ቢሮው በየጤና ጣቢያው ላሉ ሐኪሞች የላከው ቅጽ ስክሪኑ ላይ ተከፍቷል። ወደፊት የት ስንት ሐኪም እንደሚጎድል ከወዲሁ አውቆ ምትክ ለማሰልጠን ነው። የመጨረሻው ጥያቄ «በሥራ ላይ ስንት ዓመት ይቆያሉ?» ይላል። ቅጹን የምትሞላው እሷ ናት፤ መርፌ ሲይዝ ንቅንቅ የማይለው የአባቷ እጅ ኮምፒውተር ሲያይ ይርበተበታል።

«አስር? አባዬ፣ ሼም ነው! ለእማዬ ‹ወገቤ አልቻለም፣ ሁለት ዓመት ብቻ› ብለሃት የለም እንዴ?»

«እሱ የቤት ወሬ ነው። ሁለት ካልሽ ነገ ሰፈሩ ሁሉ ‹ሐኪማችን ሊሄድ ነው› ብሎ ይሸበራል። በይ ቶሎ በይ፣ ሰው ተሰልፏል።» መጋረጃውን ገልጦ አንድ ሕፃን ወደሚያለቅስበት አልጋ ሄደ።

ካርድ ልትወስድ የገባችው ነርስ ሰምታ ኖሮ ራሷን ነቀነቀች። «ባለፈውም አስር ነው ያሉት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዕቅዱ ሲወጣ በእኛ ጤና ጣቢያ ስም ትይዩ ‹እጥረት የለም› ተብሎ ተጻፈ። ልትመጣልን የነበረችው ሐኪም ሌላ ቦታ ተመደበች። ሐኪም ደግሞ ዛሬ ዘርተሽ ነገ አታጭጂው የኔ ልጅ፤ ስንት ዓመት ይፈጃል!»

ነርሷ ወጣች። ልጅቷ መጀመሪያ ተናደደች፣ ቀጥሎ አባቷ አሳዘናት። ሰው እንዳይደነግጥ ብሎ ጉልበቱን ሊጨርስ ነው። ሁለት ብላ ብትልከው አያውቅባትም። ግን ያኔ የምትዋሸው እሷ ልትሆን ነው፤ ያውም አባቷን።

ሕፃኑ ታክሞ እስኪወጣ ጠበቀች።

«አልላክሁትም» አለችው። «አስር ብዬ አልጽፍም። ከፈለግህ ራስህ ጻፈው።» አባቷን እንዲህ ተናግራው አታውቅም።

ይቆጣኛል ብላ ነበር። እሱ ግን ወገቡን በእጁ ደግፎ ቀስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። ያልተሞላውን ሳጥን አየው።

«ለእናትሽም እውነቱን አልነገርኳትም» አለ በመጨረሻ። «አንድ በይ።»

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ለእማዬ ግን አንተው ትነግራታለህ።»

«እሺ።»

አንድ ጻፈችና ላከችው። አባቷ ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችውና ቀጣዩን ታካሚ ልትጠራ ራሷ ወጣች።