ከሁለቱ መስታወቶች መሐል

ውባየሁ ጧት ከእንቅልፏ ስትነሳ መጀመሪያ የምታደርገው የበረንዳውን መስታወት መወልወል ነበር። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ እናቷ እመት አምሳለ ደግሞ ደረታቸው ደካማ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ንፋስ እንዳያገኛቸው፣ ፀሐይም እንዳይለያቸው አጥብቆ አስጠንቅቋል። ለዚህ ብላ በረንዳውን ዙሪያውን በድርብ መስታወት አሳጥራ ወንበራቸውን እዚያ አኖረች። ይህን ብርድ ከተሻገሩላት ሌላ የምትለምነው የላትም።

አንድ ቀን በወንበሩ ትይዩ ያለው መስታወት ጉም ለበሰ። ከውስጥ ወለወለችው፤ ወጥታ ከውጭም ወለወለችው፤ ወይ ፍንክች። ጉሙ ያለው ጨርቅ በማይደርስበት፣ ከሁለቱ መስታወቶች መሐል ነው። መስታወቱን የገጠመላት አቶ ምናሴ፣ ማሸጊያው ለቆ እርጥበት ገብቶበት ነው ብሎ በአዲስ ቀየረው። አዲሱም አራት ቀን ቆይቶ ጉም ለበሰ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ውባየሁ ነደዳት፤ ምስኪኑን ሰውዬ በስልክ ያልሰደበችው ስድብ የለም። ተስፋ ስትቆርጥ ወንበሩን ወደ ሌላው ጥግ አዞረችው። በማግስቱ የድሮው መስታወት ጠርቶ፣ ደህና የነበረው የዚያኛው ጥግ መስታወት ጉም ለብሶ ጠበቃት።

ያን ቀን እናቷ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ይዟቸው፣ ደረታቸው ሲር ሲር እያለ፣ እሷ አጠገባቸው ቆማ በብስጭት መስታወቱ ላይ ስታፈጥ፣ ጉሙ ቀስ እያለ ሲሰፋና ቀስ እያለ ሲጠብ አየች። እናቷ አየር ሲስቡ ይጠባል፤ ሲያወጡ ይሰፋል። ዓይኗን አሸች። ድካም ነው አለች።

«ተይው ልጄ፣ አትነካኩት» አሉ እናቷ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ምኑን ልተወው? ፀሐዩን እኮ ከለከለሽ፣ እማዬ!»

አቶ ምናሴ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መጥቶ ማሸጊያውን በቢላ ሰነጠቀው። ከስንጥቁ ረጅም፣ ቀጭን፣ ማለቂያ የሌለው የሚመስል ትንፋሽ ወጣ፤ ተከትሎትም እናቷ ማታ ማታ የሚታጠኑት የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ ለብ ብሎ የሁለቱንም ፊት መታ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ታሽጎ የመጣ ነው» አለ ሰውየው፣ ቢላውን ወደ ራሱ እየሰበሰበ። «ሽታ በየት ይገባል?»

ውባየሁ ከወር ንዴት በኋላ ስለ ሽታ የምትመራመርበት ትዕግሥት አልነበራትም። «ጨርስልኝ ብቻ!» አለችው። እሱም ድርቡን አውጥቶ በቦታው ነጠላ መስታወት ገጠመ፤ የሄደውም ዞር ብሎ ሳያይ ነበር።

በነጋታው በረንዳውን በፀሐይ ተጥለቅልቆ አገኘችው። ሌሊቱን ሙሉ ያ የእናቷ ደረት ሲርታ አልተሰማም፤ ደስታዋ ወሰን አጣ። እናቷ ወንበራቸውን አስጠግተው ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈዋል። ውባየሁም አጠገባቸው ተንበርክካ «ታየሽ፣ እማዬ?» ስትል የገዛ ትንፋሿ ቀዝቃዛውን መስታወት አደበዘዘው፤ እየሳቀች በእጅጌዋ ጠረገችው።

«ታየኝ፣ የኔ ልጅ፤ ሁሉም ታየኝ» አሉ እናቷ፣ ከንፈራቸው መስታወቱን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት፤ መስታወቱ ግን እንደጠራ ነበር።