የዞሩት ችካሎች

ችካሎቹ አልተሰረቁም። ዞረው ተገኙ።

ቅዳሜ ቀጥ ብለው የተተከሉት አሥራ አንድ ባለቀይ ጫፍ ችካሎች ሰኞ ጠዋት ወደ ገደሉ ወጣ ብለው፣ ግማሽ ክብ ሠርተው ቆመዋል። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወስደው አዲሱ መንገድ ሲለካ ይሄ ሦስተኛው ነው። አንዴ በላይ፣ አንዴ በታች፣ አሁን ደግሞ በመሃል። የፖሊስ ጣቢያው ሃምሳ አለቃ ቀለሙ መንገዱ ሳይሠራ ጡረታ እንደሚወጣ እርግጠኛ ነበር።

የችካሉ ጠባቂ ፈንታሁን ታስሯል። የአካባቢው ካድሬ "አሻጥር ነው፤ ፀረ አብዮት ነው" ብሏል። እስከ ዓርብ ሌላ ጥፋተኛ ካልተገኘ ወደ ደሴ ይተላለፋል። በዚያ በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት የተላለፈ ሰው ሲመለስ ያየ የለም።

ቀለሙ ደክሞታል። ግን ፈንታሁንን ያውቀዋል፤ የሰው እህል ረግጦ የማያልፍ ሰው ነው። መጀመሪያ በአሮጌው መንገድ ዳር ሻይ ቤት ያላትን መዲናን ጠራ።

"መንገዱ ከራቀ ቤትሽ ይዘጋል።"

"ይዘጋል።"

"ታዲያ አንቺ ነሽ የነቀልሽው?"

"ወላሂ! እኔ ብነቅል ወደ ቤቴ አመጣው ነበር እንጂ ወደ ገደል እሰደዋለሁ? ደሞ ይዩት እስቲ፣ እኩል በእኩል ነው የተተከለው። እኔ ይሄን የት አውቄ!"

እውነቷን ነው። ቀለሙ ተመልሶ በእርምጃ ለካ። ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ። ሥራውን የሚያውቅ እጅ ነው። በግማሽ ክቡ መሃል ደግሞ ድንጋይ ተከምሯል፤ ርዝመቱ ከክንድ ብዙም አይበልጥም።

የቅሬውን ዳኛ ሼህ ሸረፈዲንን አስጠራ። በዚያ መንደር ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም የሚቀብረው አንድ ቅሬ ነው።

"ሼህ፣ ይሄ የማን መቃብር ነው?"

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ነኩ። "የሕፃን ነው። እኛ አልቀበርነውም።"

"ያለ ቅሬ ማን ይቀብራል?"

"ከቅሬ የተባረረ።"

"ማንን አባረራችሁ?"

"ፈንታሁንን። ጴንጤ ሆነ፤ ካድሬው በእኛም እንዳይመጣ ፈራን። ትንሿ ልጁ መታመሟን ሰምተን ነበር። አልሄድንም፣ ልጄ። አላህ ይቅር ይበለን።"

ቀለሙ ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አለ። ሊያድነው የሚደክምለት ሰው ራሱ ጥፋተኛው ነው።

ፈንታሁን አልካደም።

"ቤተ ክርስቲያኑም ከለከለኝ፣ ቅሬውም ሰረዘኝ። ብቻዬን ቀበርኳት። ከዚያ መሐንዲሶቹ መጥተው ችካሉን ደረቷ ላይ ተከሉት። ያቀበልኳቸው እኔው ነኝ። በልጄ ላይ መኪና ሲነዳ ልይ፣ ሃምሳ አለቃ?"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አውጥተው ይጥሏታላ!"

ዓርብ ደረሰ። ቀለሙ ባዶ ወረቀት ላይ አፈጠጠ። እውነቱን ቢጽፍ ሰውዬው ይሞታል፤ ባይጽፍም ይሞታል።

በሩ ተንኳኳ። ሼህ ሸረፈዲን ናቸው። ከኋላቸው ቅሬው በሙሉ፣ መዲናም ጭምር፣ ግቢውን ሞልቶታል።

"ጻፍ" አሉ። "መቃብሩ የቅሬው ነው። ችካሉን ያዞርነው እኛ ነን። ስልሳ አራት ነን፤ እሰረን።"

ካድሬው ወጥቶ አያቸው። ስልሳ አራት ፀረ አብዮት ከሥሬ በቀለ ብሎ ለደሴ ቢጽፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። "መንገዱ ይዙር በቃ፣ ምን ቸገረኝ!" ብሎ ገባ።

ፈንታሁን እኩለ ቀን ላይ ተፈታ። ሼህ ሸረፈዲን በር ላይ ጠበቁት፤ ዓይኑን ግን ማየት አቃታቸው።

"እማማ ኡሙሰልማ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል" አሉት። "ቀብሩ አሥር ሰዓት ነው። ዶማ ይዘህ ና። የቀረ ይቀጣል።"

ፈንታሁን እያለቀሰ ዶማ ሊዋስ ወደ መዲና ቤት ሮጠ።