ግድግዳው ሲንኳኳ

ውሸታም በሉኝ፣ ግድ የለኝም። «ሙቀት አናቷን መቷት ነው» የሚሉኝም አልጠፉም። ግን የሆነው በእኔ ቤት፣ በእናቴ ላይ ነው... ቆቦ፣ ወደ ዋጃ መውጫ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ። ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ በሚተኛበት ሰዓት።

ራህመት እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። እናቴ ኡሙሃኒ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። የምንኖርባትን የጭቃ ቤት አከራያችን ለሱቅ ፈለጋትና ውጡ አለን። እናቴ ያኔ «ራህሙ፣ በሰው ቤት እንዳልሞት ብቻ» ትለኝ ጀመር። ከዱንያ የቀራት ምኞት ይቺው ነበረች።

እናም አቅም ለሌለው ሰው ተብለው በሚሠሩት ቤቶች ዕጣ ስማችን ሲወጣ፣ ሁለታችንም ተቃቅፈን አለቀስን።

ቤቱ በከባድ መኪና ተጭኖ መጣ።

ስቀልድ አይደለም። ግድግዳው ለብቻ፣ ጣሪያው ለብቻ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ፋብሪካ ውስጥ አልቆ ነው የመጣው። ደቦ መጥራት የለ፣ ጭቃ ማቡካት የለ። ክሬኑ አንስቶ ያቆመዋል፣ ሠራተኞቹ ልጆች በብሎን ያያይዙታል። ሰኞ ባዶ ሜዳ የነበረው ሐሙስ ሰፈር ሆነ። ዋጋውም ለእኛ ቢጤ የሚቀመስ ነበር።

እኔ ግን ደስ አላለኝም። መቼም ያልጠረጠረ ተመነጠረ ባይ ነኝ። በአንድ ቀን ተሰፍቶ ያለቀ ቀሚስ እንኳ ስፌቱን ገልብጬ ሳላይ አልገዛም።

የሥራው ኃላፊ ረዲ ሳቀብኝ። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳው።

ቋ... ቋ... ቋ...

«ሰማሽ? ውጭ ውጩ ሲሚንቶ ነው፣ መሀሉ ፎም። ሙቀት አያስገባም። ለቆላ ሰው እንዲህ ያለ ቤት የት ይገኛል?»

«ድምፁ በር ነው የሚመስለው።»

«ታዲያ በር ይምሰል! ምን ቸገረሽ?»

እናቴ እጇን ዘርግታ ግድግዳውን ዳበሰችው። ቆይታ... ቆይታ...

«መሀሉ ሰው ያልነካው ነገር ነው» አለች። «ሰው ተሰብስቦ ወዳጃ ይቀመጥበትና ዱዓ ይደረግበት። ከዚያ እንገባለን።»

ረዲ ሰዓቱን አየ። «እናቴ፣ ዛሬ ያልገባ ሰው ቤቱ ለተጠባባቂ ይሰጥበታል። ትእዛዙ እንደዚያ ነው።»

ፈራሁ። ያለ ዱዓ ገባን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴ በር ሲንኳኳ «ማነው?» ብላ አታውቅም። «ግቡ! እልፍ በሉ!» ነው የምትለው፤ ያገራችን ሰው ወጉ ነው። «እንግዳን ስሙን የሚጠይቁት ከበላ በኋላ ነው» ትላለች። በጭቃ ቤታችን ይኼ ጉዳት አልነበረውም። ጭቃ አይንኳኳም። ከተንኳኳ በሩ ነው፣ በሩ ላይ የቆመውም ሰው ነው።

በአዲሱ ቤት ግን ግድግዳው ሁሉ በር ነበር።

አርብ ነው። ወንዱ ለጁምዓ ሄዶ ሰፈሩ ጭር ብሏል። እኔ እየሰፋሁ፣ እናቴ ፍራሿ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ነፋስ እንዲገባ ብዬ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼዋለሁ።

ቋ... ቋ... ቋ...

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ወደ በሩ አየሁ።

ደጃፉ ላይ ማንም የለም።

ድምፁ የመጣው ከእናቴ ጀርባ ነው... ከግድግዳው።

«እማ፣ ዝም...» ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ግቡ! እልፍ በሉ!»

ማንኳኳቱ ቀጥ አለ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። እናቴ ግን ምን አጠፋች? ደግ ነገር ነው የተናገረችው።

ወጥቼ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። አቧራው እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ዶሮ ብትሄድበት እንኳ ዱካዋ ይታያል።

ምንም ዱካ የለም።

ስመለስ እናቴ ፍራሿ ላይ ጠጋ ብላ ለሌላ ሰው ቦታ ለቃለች። የለቀቀችው ቦታ ደግሞ... ጎድጉዷል። አንድ ሰው እንደተቀመጠበት።

«እማ... ማንን ነው የምታናግሪ?»

«እንግዳውን ነዋ። እጁ ይቀዘቅዛል፣ ሚስኪን። በዚህ ሙቀት!»

 ጎትቼ አስነሳኋት። እጇን ስይዝ ቀዝቃዛ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ረዲን ነው። አሮጌ ግድግዳ አምጥቶ የለጠፈብን፣ ውስጡም አይጥ የገባበት መሰለኝ። ቢሮው ድረስ ሄጄ ጮህኩበት።

«ፀሐይ ሲመታው ማያያዣው ብረት ይለጠጣል፣ ያኔ ቋ ቋ ይላል። ኧረ በአላህ፣ ራህመት!»

«ብረት መልስ ሲያገኝ ዝም ይላል እንዴ?»

 ደብተሩን ማገላበጥ ጀመረ። እኔም ይኼ ሰውዬ የሚያውቀው ነገር አለ ብዬ ወጣሁ።

ወደ ጎረቤቴ ወደ ሲቲ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኋት።

«ቀትር ላይ... ትሰሚያለሽ?»

ፊቷ ተለወጠ። «አንቺም ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«መለስሽለት?»

«እናቴ መለሰች።»

ሲቲ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኛኮ ቢስሚላህ ብለን ዝም ነው ያልነው... ወላሂ፣ ትንፍሽ አላልንም።»

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴን በዓይኔ እከታተላት ጀመር። የገዛ እናትን መጠርጠር እንዴት ያማል!

ግድግዳ መዳበስ ተወች። የውሃው ጀሪካን ወዳለበት ቀጥ ብላ ሄዳ ትቀዳለች። «ቤቱን ለምጄው ነው» አለችኝ። እሺ፣ ይሁን።

«ራህሙ» ማለት ተወች። «ራህመት» ሆንኩ። እሱንም እሺ አልኩ።

አንድ ቀን ግን ሲቲ በሩን አንኳኳች፤ እውነተኛውን በር። እናቴ ፊቷን አጨማደደች።

«ማነው?» አለች።

 በዕድሜዬ ሙሉ ይኼን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም።

በማግሥቱ ዕቃችንን ጫንኩ። ቤቱ ለተጠባባቂ ይሰጥ፣ የፈለገ ይውሰደው፣ እናቴ ብቻ ትትረፍልኝ ብዬ ቆረጥኩ። ጎብዬ ከተማ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራየሁ። «እማ፣ የሰው ቤት ነው...» ስላት ይከፋታል ብዬ ነበር። ምንም አልመሰላትም። ነጠላዋን አነሳችና ከእኔ ቀድማ ባጃጁ ውስጥ ገባች።

በሩን ስቆልፍ ከውስጥ የሆነ ነገር የሰማሁ መሰለኝ። ቀስ ያለ ነው... መዳበስ የሚመስል። ብረቱ ነው አልኩ ለራሴ። ረዲ ያለውን አመንኩ፣ ማመን ስለፈለግሁ።

ጎብዬ ሰላም ነበር። ጭቃው አይንኳኳም። እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ምግብ በላሁ፣ ሥራዬን ጀመርኩ። እናቴን አተረፍኳት ብዬ አላህን አመሰገንኩ።

ከዚያ ሲቲ ደወለች። ቀትር ላይ።

«ራህመት... እናትሽ የት ናት?»

«እዚሁ። ከኋላዬ ተቀምጣለች።»

 ትንፋሿ ይሰማኛል።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሲቲ፣ ምን ሆነሻል?»

«ከግድግዳችሁ ውስጥ ይንኳኳል። በፊት እንደነበረው አይደለም... የደከመ ነው። የሴት ድምፅም አለው።»

«ምን ይላል?»

ሲቲ ማልቀስ ጀመረች።

«'ራህሙ፣ በሩ በየት ነው ልጄ? ግድግዳ ብቻ ነው የምዳብሰው' ይላል።»

ስልኩ ከጆሮዬ ሳይወርድ ቀስ ብዬ ዞርኩ።

እናቴ የእኔን መርፌ ይዛለች። የክሩን ጫፍ በምራቋ አረጠበችው። መርፌውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገችና ክሩን በቀዳዳው በአንዴ አሳለፈችው፣ ሳትስት።

ከዚያ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አትመልሽላት» አለች።