ሦስት የአንገት ክቦች

ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ፣ ከማጠቢያ ገንዳዎቹ ጀርባ ጉድጓድ አለ። ወርዱ አራት ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ጥቂት ይበልጣል። እስከ አፉ ድረስ በእሸት ቡና ልጣጭ ተሞልቶ ነበር። ልጣጩ ሲብላላ ስለሚግል ጠዋት ጠዋት ይተናል። ከዝንብ በቀር የሚጠጋው አልነበረም። ሠራተኞች ለማዳበሪያ ሊዝቁት አካፋ እስካነሱበት ሐሙስ ድረስ ሁኔታው ይኸው ነበር።

አካፋው የሴት አስከሬን አገኘ።

ኢንስፔክተር ሰርካዲስ ከሚዛን ስትደርስ ነገሩ ሁሉ አልቆ ጠበቃት። አስከሬኑ ወደ ጤና ተቋም ተወስዷል። የጉድጓዱ ዙሪያ አንድ ዱካ እንኳ እስከማይለይ ድረስ ተረጋግጧል። ዘበኛው ሳዲቅ በካቴና ታስሮ የፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጧል።

«ዘገየሽ» አላት አለቃዋ ኮማንደር ኃይለሚካኤል። «ሟቿ ካሰች ናት፤ እዚሁ ማድረቂያው ላይ ቡና የምትለቅም። ከጠፋች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ይሄ ሰውዬ በር ላይ ቦርሳዋን ሲፈትሽ ተጣልተው ‹እቀብርሻለሁ› ሲላት ሰው ሁሉ ሰምቷል። እሷ ዛሬ ትቀበራለች፤ እሱ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«ካሰች መሆኗን ማን አረጋገጠ?»

«የለበሰችው የካሰችን ጋዋን ነው። የጣቢያው ባለቤትም አይቷታል።»

«ፊቷስ?»

«ምን ፊት አላት! ሙቀቱ ጨርሶታል።»

ሰርካዲስ የተረገጠውን ጭቃ አየችና ጥርሷን ነከሰች።

የጣቢያው ባለቤት በዛብህ በወጣትነቱ ከሰሜን መጥቶ እዚህ ሰው የሆነ፣ ንግግሩ የታረመ ጎልማሳ ነው።

«በምን አወቋት?»

«በጋዋኗ ነዋ። ደግሞ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት። እሱን ሳይ ነው ቁርጤን ያወቅኩት።»

«የት ሆነው አዩ?»

«እዚሁ፣ ከጉድጓድ ሲያወጧት። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።»

የመፈልፈያው ማሽን ሠራተኛ ብሩክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «ሳዲቅ ሰው ገደለ? ኧረ ኢንስፔክተር! ሌባ ሲዘል ቢያይ ‹ቀስ በል፣ ሽቦው እንዳይቀድህ› የሚል ዘበኛ እኮ ነው።»

«አንተ ቀልድ!» አለ ሳዲቅ ከመኪናው ውስጥ። «እኔ እዚህ ልሞት ነው! እቴ ስሚኝ፣ ‹እቀብርሻለሁ› ያልኩት እኮ አፌ ነው። ልጄን በቀን ስንቴ እንደዚያ እላታለሁ።»

«ካሰች ንቅሳት ነበራት?»

ሳዲቅ ትከሻውን ሰበቀ። ብሩክም «እኔ እንጃ» አለ። «ሻሿ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ማሻ ያለች እህቷ ግን ታውቅ ይሆናል።»

ሰርካዲስ የእህትዬዋን ስልክ ተቀብላ ደወለች። መስመር የለም። ደግማ ደወለች። የለም።

በጤና ተቋሙ ዶክተር ሳራ ሽፋኑን ገለጠችላት። ሰርካዲስ አንገቱን በማጉያ መነጽር መረመረች። ከጥቁረት በቀር ምንም አይታይም።

«ንቅሳት የታለ?»

«እኔም አላየሁም። የጋዋኑ ኮሌታ እስከ አገጯ ተቆልፎ ነበር፤ የፈታሁት እኔ ነኝ። ቆዳዋም የቆየው ለዚያ ነው።»

«የጠቆረው የላይኛው ቆዳ ነው። የንቅሳት ቀለም የሚቀመጠው ከሱ ስር ነው። እንዲታይ ላጥበው፤ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ስጪኝ።»

ዕቃ ግምጃ ቤቱ ተቆልፏል፤ ቁልፍ ያዡ ሥልጠና ሄዷል። የመጀመሪያው ፋርማሲ አልቆበታል። ሁለተኛው ተዘግቷል። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ።

«መቃብሩ ተቆፍሯል! ምን እየሠራሽ ነው?» አለ ኮማንደሩ።

«አንገት ላጥብ ነው» አለችና ዘጋችው።

የላላው ቆዳ ከሦስተኛው ፋርማሲ ባገኘችው ፐሮክሳይድ በራሰ ፋሻ ተገፎ ወጣ። ከስሩ ሦስት ክቦች ታዩ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ጥቃቅን መስቀሎች ተደርድረዋል። መስመሮቹ ሰፍተው ጠርዛቸው ደብዝዟል፤ ቀለማቸው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነው። በልጅነት፣ በጥላሸትና በመርፌ የተሠራ የሰሜን ሴቶች ንቅሳት ነበር።

«እስክመለስ አስከሬኑን ለማንም እንዳትሰጪ» አለቻት ለዶክተሯ።

የጣቢያው ባለቤትም ከሰሜን መሆኑን አስታወሰች። ንቅሳቱን ፎቶ አንስታ አማን ሄደች። ልብስ ሰፊዋ ወርቅአፈራሁ የበዛብህ እህት ናት። ፎቶውን እንዳየች እጇን ወደ ገዛ አንገቷ ሰደደች። እዚያም ሦስት ክብና የመስቀል ድርድር ነበር።

«የኛ መንደር ነቃሽ እጅ ነው» አለች። «እኔና ጥሩነሽን ባንድ ቀን ነው የነቀሰችን። እኔ ስላለቀስኩ ሦስተኛው ክቤ ጫፉ ሳይገጥም ቀረ፤ ይኸው። እሷ ጀግና ነበረች፤ የሷ ገጥሟል።»

«ጥሩነሽ ማናት?»

«የወንድሜ ሚስት ናት እንጂ! እሱማ ፈታኋት ብሎ ለጥር ሌላ ሰርግ ደግሷል። እሷ አገር ቤት ናት…» ፎቶውን እንደገና አየች። «ናት አይደል?»

ሰርካዲስ ፎቶውን ከእጇ ተቀበለች።

አርብ ጠዋት፣ ሳዲቅ ፍርድ ቤት ሳይወሰድ፣ ሁሉንም፣ ወርቅአፈራሁንም ጭምር፣ በጣቢያው መጋዘን ሰበሰበቻቸው። ካቴናው አልተፈታም።

«አቶ በዛብህ፣ ሟቿን በአንገቷ ንቅሳት እንዳወቋት ነገሩኝ። ያን ጊዜ ኮሌታዋ ተቆልፎ ነበር። ቢከፈትም ቆዳው ጠቁሯል፤ ሳላጥበው በፊት ንቅሳቱ ለዶክተሯም አልታየም። ታዲያ እርስዎ እንዴት አዩት?»

«ካሰችን ስለማውቃት… ከዚያ በፊት…»

ሰርካዲስ ስልኳን ድምፁ እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሌሊቱን ስትሞክር አድራ የማሻው መስመር የተከፈተው ጎህ ሲቀድ ነው።

«ካሰች፣ ንቅሳት አለሽ?»

«እኔ? መርፌ እየፈራሁ?» አለ ስልኩ። «እህቴ ስለወለደች ማሻ ነኝ አልኩሽ እኮ። ጋሽ በዛብህን አስፈቅጄ ነው የመጣሁት፤ ጋዋኔንም ምስማር ላይ ሰቅዬ።»

ሳዲቅ ጮክ ብሎ ፈጣሪውን አመሰገነ።

«መሄዷን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ» አለች ሰርካዲስ። «ጋዋኗን ለሌላ ሴት አለበሱ። ሰው ንቅሳቱን አይቶ ‹ይህቺ ማናት› ከማለቱ በፊት ንቅሳቱ የካሰች ነው አሉ። ሻሽ ስለማታወልቅ የሚያስተባብልዎት አይኖርም፤ እሷ እስክትመለስም አስከሬኑ አፈር ገብቶ ያልቃል። እንዳሰቡት ማንም አልጠየቀም፤ ዘበኛውን አሠርን፣ መቃብር ቆፈርን። ሥርዓት ያለው ጥያቄ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ያበቃ ነበር።»

ኮማንደሩ ጫማውን አየ።

ወርቅአፈራሁ ወደ ወንድሟ ቀረበች። «አንተ ነህ ያስመጣሃት ወይስ ራሷ መጣች?»

«ራሷ ናት የመጣችው!» አለ በዛብህ። «አትምጪ ብያት ነበር!»

ብሩክ ከአጠገቡ ፈቀቅ አለ። ኮማንደሩ የሳዲቅን ካቴና ፈቶ በበዛብህ እጅ ላይ ቆለፈው።

ጥሩነሽ እሑድ በራሷ ስም አማን ተቀበረች። ቀባሪው ሳዲቅን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ከአሥራ አንዱ በሕይወት ሳለች የሚያውቃት አንድ ሰው ብቻ ነው።