ለብሌን ያላነበብኩላት አንቀጽ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ትቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ሕልም፣ ጥንቆላ፣ ቡዳ የሚባለው ሁሉ ካለማንበብ የሚመጣ በሽታ ነው ብዬ ነው ልጄን ያሳደግኳት፣ አሁንም ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ ግን ያዩትን አላየሁም ማለትም ነውር ነው።

በፈረንጆቹ 2009 ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ የምትባል ከተማ እንኖር ነበር፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ብሌን ትኩሳት ጣላትና ራሷን ሳተች፣ ዳላስ ሆስፒታል አስተኟት። ሐኪሞቹ እኛ የምንችለውን አድርገናል፣ ከዚህ በኋላ መንቃት የእሷ ነው አሉን፣ ይህ ለአባት ሲነገር ምን እንደሚመስል የወለደ ያውቀዋል። ነርሷ ደግሞ የምታውቀውን ድምፅ ትስማ፣ አዋሯት አለች። ባለቤቴ ጽጌ ስታወራላት ውላ ድምፅዋ ተዘጋ፣ ከምሠራበት ዌርሃውስ ወጥቼ ከሰዓት በኋላ ስደርስ፣ “በል ተራህ ነው፣ አንተ እንደሆነ የቤት ሥራ ካልሆነ ከልጅህ ጋር ሌላ ወሬ የለህም” ብላኝ ልትጸልይ ወጣች።

እውነቷን ነው። ሶ፣ ብሌን ለትምህርት ቤት ታነበው የነበረውን መጽሐፍ ከቦርሳዋ አወጣሁ፣ ስለ ትሪስታን ዳ ኩኛ ነው፣ በደቡብ አትላንቲክ መካከል ከሰው ሁሉ ርቃ ስለምትገኝ ደሴት። እንግሊዝኛን ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ስለሆንኩ፣ አንዱን አንቀጽ መጀመሪያ በልቤ አነብና ከዚያ በአማርኛ እነግራታለሁ።

ደሴቷ ከባሕር የወጣች እሳተ ገሞራ ናት አልኳት፣ አውሮፕላን አያርፍባትም፣ መርከብም ከደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ ስንት ቀን ይፈጅበታል፣ ጥቂት ቤተሰቦች ድንች እየተከሉ ከፔንግዊን ጋር ይኖሩባታል። ያኔ ግድግዳው ውስጥ ውኃ ሲመጣና ሲመለስ ሰማሁ፣ ኤሲው ነው ብዬ ቀጠልኩ። ስለ ጥቁሩ አሸዋ ስነግራት እጇ በረደ፣ ግንባሯን ስስማት ከንፈሬ ላይ ጨው ቀረ፣ ላብ ነው አልኩ፣ እመኑኝ፣ ለሁሉም ምክንያት ነበረኝ። ነርሷ ገብታ አንሶላውን ስትገልጥ ግን ምን ቀባችኋት ብላ ተቆጣችኝ፣ በእግር ጣቶቿ መካከል ጥቁር ነገር አለ፣ ጽጌ ከቤተ ክርስቲያን እምነት አምጥታ ቀብታት ይሆናል ብዬ ነካሁት፣ አመድ አይደለም፣ እርጥብ አሸዋ ነው።

ማንበቤን ተውኩ፣ የውኃው ድምፅ ግን አልተወም፣ የልቧ ምት በመሣሪያው ላይ እየወረደ ነው። ልጄን በገዛ አፌ እየሸኘኋት እንደሆነ ገባኝ፣ እንዴት እንደገባኝ አትጠይቁኝ። ገጾቹን ገለበጥኩ፣ መውጫ ፈለግኩ፣ አገኘሁም፦ እሳተ ገሞራው ፈነዳ፣ ነዋሪው በሙሉ በጀልባ ወጥቶ እንግሊዝ አገር ተወሰደ።

“ሁሉም ወጡ ብሌንዬ፣ አንድ ሰው አልቀረም፣ አንቺም ውጪ” አልኳት፣ ልጅ ይታዘዛል እንጂ አይለመንም የምል ሰው፣ ለመንኳት።

ዓይኗን ገለጠች።

ቀጣዩን አንቀጽ ግን በልቤ አንብቤው ነበር፣ እሳቱ ሲበርድ፣ እንግሊዝ መኖር እየቻሉ፣ አብዛኞቹ ወደ ደሴታቸው መመለስን መረጡ ይላል። መጽሐፉን ዘጋሁት።

ድና ወደ ቤት ስወስዳት መኪና ውስጥ፣ “ዳዲ፣ ሰዎቹ ከዛ የት ሄዱ?” አለችኝ።

“እዚያው እንግሊዝ ቀሩ” አልኩ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሣ፣ ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ የዋሸኋት ያን ቀን ነው።

“ኦኬ፣ ግን ቤታቸውን ሎክ አላደረጉም እኮ” አለች።

ስለ በር አንድም ቃል አልነገርኳትም። መጽሐፉ ውስጥም የለም፣ ፈልጌአለሁ።